ልጁ ሰንፎ አይደለም፤ ሆዱ ደርቆ ይሆናል

በዛሬው ዝግጅታችን ብዙ ቤተሰብ በር ዘግቶ ብቻውን ስለሚሸከመው ጉዳይ እንነጋገራለን። ይኸውም ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ልጆች የሰገራና የሽንት ችግር ነው።

ሴሬብራል ፓልሲ ልጁ በማኅፀን ሳለ፣ ሲወለድ ወይም በሕፃንነቱ አንጎሉ ላይ በሚደርስ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው። ጉዳቱ የእጅና የእግርን ጡንቻ ብቻ ሳይሆን ሽንትና ሰገራ የሚይዙትንም ጡንቻዎች ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ልጁ ልብሱን የሚያበላሸው ሰንፎ ወይም አምፆ አይደለም። ልጅ አማና ነውና አንቆጣው፤ አንምታው።

በተለይ ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው የሆድ ድርቀትን ነው። ልጁ ብዙ አይንቀሳቀስም፤ መዋጥ ከቸገረው ውሃም ጥቂት ነው የሚጠጣው። ሰገራው ይደርቅና የሽንት ፊኛውን ይጫናል። ያን ጊዜ ቶሎ ቶሎ ይሸናል፤ ፊኛው ተሟጦ ካልወጣም ለኢንፌክሽን ይጋለጣል። አንዳንዴ በደረቀው ሰገራ ዙሪያ ቀጭን ፈሳሽ ያመልጣል። እናት «ተቅማጥ ያዘው» ብላ ምግብና ውሃ ስትቀንስበት ድርቀቱ ይብሳል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ምግብ አንጀትን ስለሚያንቀሳቅስ፣ ከበላ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ ፖፖ ላይ እናስቀምጠው። ጀርባው ይደገፍ፤ እግሮቹ መሬት ወይም በርጩማ ይርገጡ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ቀና አድርገን ውሃ ጥቂት በጥቂቱ እንስጠው፤ ትን የሚለው ከሆነ አስቀድመን ሐኪም እናማክር። ፓፓያ፣ ምስርና አትክልት ይረዳሉ። የሚያለሰልስ መድኃኒት ሐኪም ይዘዝለት። ትኩሳት፣ ደም የቀላቀለ ሽንት፣ የሆድ መነፋትና ማስመለስ ካየን ሳንውል ሳናድር ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

ብዙዎቹ ልጆች ዘግይተውም ቢሆን ሽንታቸውን መቆጣጠር ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የሆላንድ ጥናት እንዳመለከተው፣ አንድ ጎናቸው ወይም በይበልጥ እግሮቻቸው ከተጎዱት ልጆች 80 በመቶው፣ አራቱም እጅና እግራቸው ከተጎዱት ደግሞ 54 በመቶው በ6 ዓመታቸው ሽንታቸውን ይዘዋል።

አድጎም ሽንቱ ባይቆምለት የሶላት በር አልተዘጋበትም። ብዙ የፊቅህ ሊቃውንት እንዲህ ያለው ሰው የሶላቱ ወቅት ሲገባ ታጥቦና ውዱእ አድርጎ እንዲሰግድ ገልጸዋል፤ ዝርዝሩን የአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቁ።

ጎረቤቶችም የዚህችን እናት በር አንኩዋኩ፤ ልብስ በማጠብም ሆነ ልጁን በመያዝ አግዟት። አላህ ለልጆቻችን ዓፊያን፣ ለወላጆቻቸው ሶብርን ይስጥልን።