ከኮርቲሶል ምርመራ በኋላ
በዛሪማ ከተማ ለነዋሪዎች የተደረገ የጤና ንግግር፤ ጥቅምት 2013 ዓ.ም.



አስቀድሜ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራርቃችሁ ስለተቀመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ በአገራችን ከተገኘ ወዲህ ስለ እጅ መታጠብና ስለ ርቀት ብዙ ሰምታችኋል፤ ያን አልደግመውም። ዛሬ የምናገረው ከመካከላችሁ ጥቂቶችን ብቻ በቀጥታ ስለሚነካ፣ ሳይታወቅ ከቀረ ግን ሕይወት ስለሚያሳጣ ጉዳይ ነው።

ከኩላሊቶቻችን በላይ አድሬናል የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። ከእነርሱ የሚመነጨው ኮርቲሶል የተሰኘ ሆርሞን የደም ግፊታችንን ይደግፋል፣ የደማችን ስኳር እንዳይወርድ ይጠብቃል፣ በትኩሳትና በጉዳት ጊዜም ሰውነታችን እንዲቋቋም ያግዛል። ይህ ሆርሞን ሲያንስ ሰው ይደክማል፣ ይከሳል፣ ከተቀመጠበት ሲነሣ ያዞረዋል፣ ጨው ጨው ይለዋል። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ አዲሰን በሽታውን እ.ኤ.አ. በ1855 ሲገልጽ፣ ሕሙማኑ ቆዳቸው እንደሚጠቁር ጽፎ ነበር። ለእኛ ይህ ምልክት በቀላሉ አይታይም፤ ስለዚህ ድድን፣ የመዳፍ መስመሮችንና የቆዩ ጠባሳዎችን እንመለከታለን።

መንሥኤው ብዙ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ወደ ዕጢዎቹ ሲዛመት ሊያጠፋቸው ይችላል፤ ነቀርሳ በሚበዛበት አገር ይህን መዘንጋት አይገባም። ሌላው መንሥኤ ግን በእጃችን የምናመጣው ነው። ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን የተባሉትን መድኃኒቶች ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም፣ አንዳንዶችም ለመወፈር ብለው ለሳምንታትና ለወራት ይወስዷቸዋል። መድኃኒቱ ከውጭ እየገባ ሲሰነብት ዕጢዎቹ ሥራቸውን ይተዋሉ። በድንገት ሲቋረጥም ሰውየው ከመድኃኒቱም ከራሱ ሆርሞንም ያጣ ይሆናል።

በኮሮና ወረርሽኝ ዘመን ነገሩ ተባብሶ ነበር። ሰኔ 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በብሪታንያ የተካሄደው ሪከቨሪ የተባለው ጥናት ውጤት ተነገረ፤ ዴክሳሜታዞን በመተንፈሻ መሣሪያ ከሚታገዙት የኮቪድ ሕሙማን መካከል ሞትን በሲሶ ገደማ፣ ኦክስጅን ከሚሰጣቸው መካከል ደግሞ በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀነሰ። መልካም ዜና ነው። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን ጥቅም አላሳየም። ሆስፒታል ውስጥ በቀን 6 ሚሊግራም፣ ቢበዛ ለ10 ቀን፣ በሐኪም ዓይን ሥር የሚሰጥን መድኃኒት ከመደብር ገዝቶ ለመከላከያ መዋጥ ሌላ ነገር ነው፤ እባካችሁ ይቅር።

እንግዲህ ሐኪም ኮርቲሶላችሁ ማነሱን ጠርጥሮ ለምርመራ ላካችሁ እንበል። ሆርሞኑ ቀኑን ሙሉ እኩል አይመነጭም፤ ጎህ ሲቀድ ከፍ ይላል፣ ወደ እኩለ ሌሊት ይወርዳል። ስለዚህ ደም የሚወሰደው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው። ከዛሪማ ወደ ጎንደር የሚላክ ሰው ሊማሊሞን ወጥቶ፣ ደባርቅን፣ ዳባትንና አምባ ጊዮርጊስን አልፎ እዚያው ማደር አለበት። ዕጢውን የሚቀሰቅሰው መርፌ በሚገኝበት ቦታ የመጀመሪያው ደም ከተወሰደ በኋላ ይሰጥና፣ ከ30 እና ከ60 ደቂቃ በኋላ ደም እንደገና ይቀዳል። ሦስት ጊዜ መቀዳቱ ብዙዎችን ያስፈራል። ሦስቱ ተደምሮ ግን ከአንድ ሲኒ ቡና ያነሰ ነው፤ የሚያደክማችሁ እርሱ አይደለም።

ታዲያ ከዚያ በኋላ ምን ይሰማል? አብዛኛው ሰው ምንም አይሰማውም። አንዳንዱ ፊቱን ሞቅ ይለዋል፣ ጥቂት ያቅለሸልሸዋል፤ ይህም ቶሎ ያልፋል። አልፎ አልፎ ሰውነት መርፌውን ሊቆጣ ይችላል፤ ሽፍታ፣ የፊት ማበጥ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ እዚያው ለባለሙያ መንገር ነው። ማታ ላይ የሚመጣው ድካም ግን ብዙውን ጊዜ የመንገዱ፣ የእንቅልፍ ማጣቱና የጭንቀቱ ነው። ዐርፋችሁ፣ በልታችሁና ጠጥታችሁ በማግስቱ ሊቀልላችሁ ይገባል።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት እናት ልንገራችሁ። ለዓመታት ፕሬድኒሶሎን ሲወስዱ ኖረው ለምርመራው ሲባል እንዲያቋርጡ ተነገራቸው። ደሙ እንደተወሰደ መድኃኒታቸውን መቀጠል እንዳለባቸው ግን የነገራቸው ባለሙያ አልነበረም። እርሳቸውም ውጤቱ እስኪመጣ ብለው ጠበቁ። ሲመለሱ ሊማሊሞ ላይ አስታወካቸው። አብረዋቸው የነበሩት ሁሉ «ጠመዝማዛው ነው» አሉ። ማን ይፈርድባቸዋል? በሊማሊሞ ቁልቁለት ያላስታወከ ሰው ስንት ነው? ቤታቸው ከገቡ በኋላም ማስታወኩ አልቆመም፤ በማግስቱ ቆመው መራመድ አቃታቸው፣ ንግግራቸውም ተዛባ። ያዳናቸው በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩት የሪፈር ወረቀት ነው። ወረቀቱን ያነበበችው ነርስ ሳትዘገይ 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲሶን በመርፌ ሰጠቻቸው፣ ግሉኮስና ጨው ያለበት ፈሳሽም በደም ሥራቸው አስገባች። በዚያው ቀን ቀና ብለው ተቀመጡ። «ከመኪናው የመጣ መስሎኝ ነበር» አሉ።

ከዚህ በኋላ የመንገድ ማቅለሽለሽን ከአደጋው የምትለዩበትን ልብ በሉ። የመንገዱ መኪናው ከቆመ በኋላ ጋብ ይላል። መኪናው ቆሞ፣ ቤት ተገብቶም ማስታወክ ከቀጠለ፣ ሆድ ከቆረጠ፣ ሲነሡ ዓይን ከጨለመ፣ ሰውየው ከፈዘዘ ወይም ግራ ከተጋባ ማደር የለበትም፤ በሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። የሚታወክ ሰው የዋጠው እንክብል ሆዱ ውስጥ አይቆይም፤ መርፌ ያስፈልገዋል። ዛሪማ ቆላ በመሆኗም ላብ ጨውን ይወስዳል፣ ሕመሙ ያለበት ሰውም ከሌላው ይልቅ ቶሎ ይጎዳል።

ውጤቱን በመጠባበቅ ላይ ያላችሁ፣ መድኃኒት እንድታቋርጡ ከተነገራችሁ «መቼ ልጀምር?» ብላችሁ ሳትጠይቁ ከክፍሉ አትውጡ። መልሱን አስጽፉት። ጸበል የምትጠመቁም፣ የምትጾሙም እንክብሉን አትተዉ፤ ከንስሐ አባታችሁና ከሐኪማችሁ ጋር ተመካከሩ።

ስለ ውጤቱም አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ የማይነገር ነውና። ቁጥሩ ሲወጣ፣ በብዙ ላቦራቶሪዎች 18 ማይክሮግራም ገደማ እንደ ድንበር ይያዛል፤ ከዚያ በላይ የሆነለት ሰው «ደህና ነህ» ይባላል። ሁሉም ግን ደስ ብሎት አይወጣም። ወራት የደከመ ሰው ለድካሙ ስም አገኝለታለሁ ብሎ ሲሄድ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ጎረቤትም «አስመስሎ ነው» ይለዋል። ይህ ትክክል አይደለም። ውጤቱ የሚለው «ምክንያቱ ይህ ዕጢ አይመስልም» ነው፤ ደም ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ ነቀርሳ፣ ስኳር፣ ከባድ ሐዘን፣ ኮቪድም ራሱ ሰውን ለረጅም ጊዜ ያደክማል። ተመልሳችሁ ሌላውን ምክንያት አስፈልጉ። ያነሰ መሆኑ የተነገራችሁ ደግሞ መደንገጣችሁ ያለ ነው፤ ዕድሜ ልክ መድኃኒት መባሉ ይከብዳል። በትክክል የሚወስዱት ግን ያርሳሉ፣ ይወልዳሉ፣ ልጅ ያሳድጋሉ።

ትኩሳት ሲይዛችሁ ኮሮና ነው ብላችሁ ቤት አትደበቁ፤ ወባ ነው ብላችሁም አትገምቱ፤ ሁለቱንም ተመርመሩ። ኮርቲሶል የሚያንሰው ሰው በትኩሳት ጊዜ የዕለት መድኃኒቱን ብዙውን ጊዜ እጥፍ ማድረግ አለበት፤ መጠኑን ከሐኪማችሁ ዛሬ ጠይቃችሁ ያዙ፣ ትኩሳቱ ከመጣ በኋላ ለመጠየቅ ጊዜው ያጥራል። በአገራችን የሃይድሮኮርቲሶን እንክብል እንደ ፕሬድኒሶሎን በቀላሉ ስለማይገኝም የወሩ ሳያልቅ ቀደም ብላችሁ አስጽፉ። በኪሳችሁ አንዲት ወረቀት ትኑር፦ ስማችሁ፣ የበሽታው ስም፣ የመድኃኒቱ ዓይነትና መጠን፣ የቤተሰብ ስልክ። አብሯችሁ የሚኖር ሰው የት እንዳለች ይወቅ።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ። ተራርቀን ስለተቀመጥን ከኋላ ያላችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ፤ ማስኩን ግን አታውርዱ፣ እሰማችኋለሁ።