በምናነጥፈው አልጋ ላይ ማረፍ፦ ጣሊያን ውስጥ የዕረፍት ቦታና ሆቴል ስለ መምረጥ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



የዛሬው ርዕስ ሲነገር አንዳንዶቻችሁ ስትስቁ ሰምቻለሁ። ሳቁ ይገባኛል። ብዙዎቻችን ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል የምናውቀው በጓዳ በር ገብተን ነው። አንሶላ የምንቀይር፣ መታጠቢያ የምናጸዳ፣ አረጋውያን የምንጦር ሴቶች ነን። ይሁን እንጂ የዕረፍት ዕቁባችን ሊሞላ ተቃርቧል፤ አሥራ ሁለት ሆነን ለሦስት ሌሊት የት እንረፍ የሚለውን መወሰን አለብን። ገንዘቡ በየወሩ ከደመወዛችን የቆጠብነው ነው፤ ለማኅበሩ ከተለገሰው አንድ ሳንቲም አልተነካም። ይህንን ደጋፊዎቻችንም እንዲያውቁልን እፈልጋለሁ። የላብ ገንዘብ ስለሆነም አወጣጡ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

መጀመሪያ ስለ ኮከቡ። ጣሊያን ውስጥ ሆቴሎች የሚመደቡት ክልሎች በሚያወጡት ደንብ ነው። ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ አለ፤ ከዚያም በላይ «አምስት ኮከብ ሉሶ» የሚባል ደረጃ አለ። ኮከቡ የክፍሉን ስፋትና የአገልግሎቱን ዓይነት ይናገራል። ሌሊት ጸጥታ መኖሩን ወይም እስከ ክፍሉ ስንት ደረጃ እንደሚወጣ ግን አይናገርም። ስለዚህ ከኮከቡ በፊት «የምንሄደው እነማን ነን? የሚያስፈልገንስ ምንድን ነው?» እንበል።

ለምሳሌ ፖዚታኖን እንውሰድ። በፎቶግራፍ ሲያዩት ልብ ይሰርቃል። ከተማው የተሠራው ግን በገደል ላይ ነው፤ መንገዱ ደረጃ በደረጃ ነው። ስንቶቻችን ነን ጉልበታችንንና ወገባችንን የሚያመን? የኮሞ ሐይቅ ከሚላኖ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ ጀልባው ከመንደር መንደር ያደርሳል። እንደ ሜናጆ ባሉ መንደሮች በውኃው ዳር ሜዳማ መንሸራሸሪያ አለ። በዚያው ሐይቅ ዳር ያለው ቪላ ዴስተ እ.ኤ.አ. ከ1873 ጀምሮ ሆቴል ነው፤ ዋጋው ለእኛ ባይሆንም ሐይቁ የሁሉም ነው።

ታሪክ ለምትወድ ደግሞ ማቴራ አለች። ድሆች ከእንስሶቻቸው ጋር ይኖሩባቸው ከነበሩት ዋሻዎች ሰዎቹ እንዲወጡ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1952 በወጣ ሕግ ነው። በ1993 ዩኔስኮ ቦታውን በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ዛሬ ከዋሻዎቹ አንዳንዶቹ ውድ ሆቴሎች ናቸው። እዚያ የምታድር ሰው በማን ቤት እንደተኛች ብታውቅ መልካም ነው።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ኦገስት 15 ፌራጎስቶ ነው፤ በዚያ ሰሞን ጣሊያኖች ሁሉ ወደ ባሕር ይወርዳሉ፣ ዋጋውም ይሰቀላል። ያ ጊዜ ለእኛ ጾመ ፍልሰታ ነው። ቁርሱ ከክፍሉ ዋጋ ጋር ተጠቃልሎ ከሆነ፣ ለማትበሉት እንቁላልና ቅቤ በዓመቱ ውድ ዋጋ ትከፍላላችሁ ማለት ነው። ግንቦት ይሻላል። ሙቀቱ ልከኛ ነው፤ ብዙውን ጊዜም በዓለ ሃምሳ ስለሚሆን ረቡዕና ዓርብ አያስጨንቅም። ሙስሊም እኅቶቻችንም ምግቡ የአሳማ ሥጋ እንዳይነካው ከመክፈላችን በፊት በጽሑፍ እንጠይቅላቸው።

ሦስተኛው የተደበቀው ወጪ ነው። ብዙ ከተሞች በሰውና በሌሊት የሚታሰብ የማደሪያ ግብር አላቸው፤ ብዙውን ጊዜ በክፍሉ ዋጋ ውስጥ አይካተትም። ሮም እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ በባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ላደረ ሰው በሌሊት 10 ዩሮ አድርጋዋለች። ለአሥራ ሁለታችን በሦስት ሌሊት 360 ዩሮ ይሆናል። መኪና የምትከራዩም ብትኖሩ፣ በብዙ አሮጌ ከተሞች መሐል ያለ ፈቃድ መግባት ቅጣት አለው፤ ካሜራው አይምርም።

አራተኛው እኛን በተለይ ይመለከታል። ሆቴሉን «ክፍል የሚያጸዱት የራሳችሁ ሠራተኞች ናቸው ወይስ በኮንትራት የመጡ?» ብለን እንጠይቅ። ብዙ ሆቴሎች ጽዳቱን ለሌላ ድርጅት ይሰጣሉ። እኔ በሠራሁበት አንድ ቦታ የክፍሉ ቁጥር ሲጨመርብን ሰዓቱ አይጨመርልንም ነበር፤ ምሳ ቆመን እንበላ ነበር። እንግዳው የሚያየው የተወጠረ አንሶላ ብቻ ነው። ጥያቄው ብቻውን ሁሉን አያስተካክልም፤ ነገር ግን እንግዶች ይህን እንደሚጠይቁ ሆቴሉ ይወቅ። ስንወጣም ለጽዳት ሠራተኛዋ በጠረጴዛው ላይ ጥቂት ዩሮና «ግራትሴ» የሚል ወረቀት እንተው።

«ይህ ገንዘብ አገር ቤት ቢላክ አይሻልም?» ያለችኝ እኅት አለች። ጥያቄዋን አከብራለሁ። ሁላችንም እንልካለን፤ መላካችንንም አናቆምም። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ሌላውን ስታሳርፍ ኖራ ራሷ ያላረፈች ሴት በመጨረሻ ትታመማለች፤ የታመመች ደግሞ የምትልከው አይኖራትም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ለብቻችን የማንችለውን ሦስት ሌሊት አብረን ችለነዋል።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ በግንቦት፣ በኮሞ ሐይቅ ዳር፣ ሊፍት ባለው ባለ አራት ኮከብ ሆቴል፣ ለሦስት ሌሊት። የተሻለ ያላት እኅት ከዋጋው ጋር ታቅርብና በድምፅ እንወስን።