የአሮጌ ካባ ዕድሜና ዋጋ፦ ከሚኤሶ የልብስ ሳጥኖች የሚነሡ ጥያቄዎች



በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች፣ በሚኤሶም ሆነ በጭሮ፣ ከእናት ወይም ከአያት የተወረሰ ልብስ በሳጥን ታጥፎ የሚቀመጥባቸው ቤቶች አሉ። የዛሬው ንግግሬ ከእነዚህ ልብሶች በአንዱ ላይ ያተኩራል፤ ከከፋይ በተሰፋ፣ በወርቅማ ክር በተጠለፈና በሰርግ ወይም በበዓል ከቀሚስ ላይ በሚደረብ የሴት ካባ ላይ። ቤተሰብ ሲቸገር ወይም ውርስ ሲከፋፈል እንዲህ ያለው ካባ ለሽያጭ ይወጣል። ያን ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ፦ ዕድሜው ስንት ነው? ዋጋውስ? የእኔ መከራከሪያ ሁለተኛው ጥያቄ የመጀመሪያው ሳይመለስ ሊመለስ አይችልም የሚል ነው። የመጀመሪያው ደግሞ ልብሱን ብቻ በማየት አይመለስም፤ ያቆዩትን ሰዎች መጠየቅ ግድ ይላል።

ከልብሱ እንጀምር። መሠረታዊው መርሕ ቀላል ነው፤ አንድ ልብስ ከተሠራባቸው ነገሮች መካከል ዘግይቶ ከተፈለሰፈው በፊት ተሰፍቶ ሊሆን አይችልም። ስፌቱ በመኪና ከሆነ ልብሱ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የመጣ ነው፤ ሲንገር የታወቀበትን የስፌት መኪና ፈጠራ ያስመዘገበው በ1851 እ.ኤ.አ. ነበርና። በሐረር ጀጎል ውስጥ ልብስ ሰፊዎች የተደረደሩበት መንገድ «መኪና ግርግር» የተባለው በዚሁ መኪና ድምፅ ነው። የተገላቢጦሹ ግን አይሠራም። የእጅ ስፌት ከመኪናው መምጣት በኋላም ስለ ቀጠለ፣ በእጅ የተሰፋ ሁሉ ጥንታዊ አይደለም።

ቀጥሎ ክሩና ቀለሙ ይመረመራሉ። የመጀመሪያው በገበያ የተሳካለት ሰው ሠራሽ ማቅለሚያ የተገኘው በ1856 እ.ኤ.አ. በእንግሊዛዊው ዊልያም ፐርኪን እጅ ሲሆን፣ ደማቅ ሐምራዊ ነበር። የልብሱን የመጀመሪያ ቀለም ለማወቅ ፀሐይ ያላገኘውን የስፌት እጥፋት ከውስጥ ገልጦ ማየት ያስፈልጋል። ከዚያው እጥፋት የላላ ክር ከተገኘ በእሳት ይፈተናል። ሐርና ሱፍ እንደ ፀጉር ይሸታሉ፤ አመዳቸውም በጣት ይፈርሳል። ጥጥና ከእንጨት ጭረት የሚሠራው ሰው ሠራሽ ሐር እንደ ወረቀት ይነዳሉ። ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ጠንካራ እንክብል ሆኖ ይቀራል፤ የተፈለሰፈውም በ1941 እ.ኤ.አ. ነው። የጥልፉ ክር እንዲሁ ይናገራል። የቀድሞው የወርቅ ክር በወርቅ የተለበጠ ቀጭን የብር ጥብጣብ በሐር ወይም በጥጥ ክር ላይ ተጠምጥሞ የሚሠራ ስለሆነ በጊዜ ብዛት ይጠቁራል። ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበያ የቀረበው በፕላስቲክ የተሸፈነ የአልሙኒየም ክር ግን አብረቅራቂነቱን ይዞ ይቆያል።

እዚህ ላይ ሦስት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው ጥገና ነው። ገበሩ ፖሊስተር ስለሆነ ብቻ ካባው አዲስ ነው ማለት አይቻልም፤ ገበር ያልቃል፣ ይቀየራልም። ከአዲሱ ስፌት አጠገብ የቀሩት ባዶ የመርፌ ቀዳዳዎች የቀድሞውን ስፌት ይመሰክራሉ። ሁለተኛው ወጥመድ በዕቃው ላይ የተጻፈ ዓመት ነው። በማርያ ቴሬዛ ብር ላይ 1780 የሚል ቁጥር አለ፤ ሆኖም ሳንቲሙ ከዚያ በኋላ ከአንድ ክፍለ ዘመን በላይ ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ ሲታተም ኖሯል። ስለዚህ በጌጥነት የተሰፋ ጠገራ ብር ለልብሱ ዕድሜ ማስረጃ አይሆንም። ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በሐረርጌ የኢትዮጵያው፣ የአውሮፓውያኑና የሂጅራው አቆጣጠር ጎን ለጎን ይሠራባቸዋል። «በ1928 የተሰፋ» የሚል ማስታወሻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ የጣልያን ወረራ ዘመን ነው፤ በአውሮፓውያን ከሆነ ከወረራው በፊት ያለ ሰላማዊ ወቅት ነው። ዓመት ሲመዘገብ አቆጣጠሩ አብሮ ካልተጻፈ ቁጥሩ ዋጋ የለውም።

ልብሱ የማይነግረንን ሰዎች ይነግሩናል። እናቶቻችን ዘመንን የሚያስታውሱት ብዙ ጊዜ በቁጥር ሳይሆን በክስተት ነው፦ «ባቡር ሳይገባ»፣ «ጣልያን ሲወጣ»፣ «በሶማሌ ጦርነት ጊዜ»። እነዚህ አባባሎች የታወቀ ዓመት አላቸው። የጅቡቲው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ሚኤሶ በሁለቱ መካከል ባለው መሥመር ላይ ናት። ከሐዲዱ በፊት የውጭ ጨርቅ ከዘይላ ወደ ሐረር የሚመጣው በግመል ነበር። ስለዚህ «ባቡር ሳይገባ» የሚለው ቃል የልብሱን ዘመን ብቻ ሳይሆን ጨርቁ የመጣበትንም መንገድ ያመለክታል። «የትኛው ባቡር?» ብሎ መጠየቅ ግን ይገባል፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ሐዲድም በሚኤሶ ያልፋልና ለወጣቱ «ባቡር» እርሱ ነው።

አሁን ወደ ዋጋ እንምጣ። የካባ ዋጋ ከሦስት ነገሮች ይመነጫል፦ ከጨርቁ፣ ከእጅ ሥራውና ከታሪኩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ብል፣ ላብና እጥበት ይቀንሷቸዋል። ለገዢ እንዲያምር ተብሎ አሮጌ ከፋይ ማጠብና መተኮስ ጉዳቱ አይመለስም። ሦስተኛውን ግን ብል አይበላውም፤ የሚጠፋው ሳይጻፍ ሲቀር ነው። በለንደኑ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የሚገኘውን የእቴጌ ጥሩወርቅን ቀሚስ አስቡ። በመቅደላ ዘመቻ ጊዜ፣ በ1860 ዓ.ም. የተወሰደ በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ ነው። የማን እንደ ነበረ ባይታወቅ ኖሮ ጥሩ ጥልፍ ያለው አንድ አሮጌ ቀሚስ ይሆን ነበር። ስሟ ስለ ተያዘ ግን ዛሬ የአንድ አገር የታሪክ ጥያቄ ነው። የሚኤሶዋ ሴት እቴጌ አይደለችም፤ ሆኖም ካባዋ የማን እንደ ነበረ፣ ማን እንደ ሰፋውና በየትኛው ሰርግ እንደ ተለበሰ ሳይጻፍ ከተሸጠ፣ ገዢው የሚወስደው ጨርቅ ብቻ ነው፤ የሚከፍለውም የጨርቅ ዋጋ ነው።

ጉዳዩ የሕግም ገጽታ አለው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ በግለሰብ ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ይቀበላል፤ ነገር ግን እንዲመዘገብ ያዛል፣ ለንግድ ዓላማ መግዛትና መሸጥን ይከለክላል፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም አይፈቅድም። ቅርስ የሚለውንም የሚለየው በታሪክ፣ በባህል፣ በሥነ ጥበብና በእደ ጥበብ ይዘቱ ባለው ከፍተኛ ዋጋ ነው። እንግዲህ አንድ ካባ ተራ አሮጌ ልብስ ነው ወይስ ቅርስ የሚለው ጥያቄ ዕድሜውና ታሪኩ ሳይጠና መልስ አያገኝም። ጥናቱ ከሽያጩ መቅደም ያለበት ዋጋ ለማስወደድ ብቻ ሳይሆን፣ መሸጡ ራሱ የተፈቀደ መሆኑን ለማወቅም ነው።

ችግር ላለባት እናት «አትሽጪ» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ ምክሩ ግን እራት አይሆናትም። ልንሰጣት የምንችለው ሌላ ነገር ነው፤ ገዢ ከመምጣቱ በፊት የአንድ ቀን ሥራ። ካባውን ከፊትም ከኋላም ከውስጥም ፎቶግራፍ ማንሣት፣ መለካት፣ ስፌቱንና ክሩን መመዝገብ፣ ባለቤቷ የምትናገረውን በራሷ ቃልና በራሷ ቋንቋ መጻፍ፣ ቀጥሎም አብሯት ወደ ወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መሄድ ነው። ይህ ላቦራቶሪም ሆነ ትልቅ በጀት አይጠይቅም፤ ጥሩ ዓይንና ታጋሽ ጆሮ ይበቃል።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ ብዙዎቻችሁ ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ትመለሳላችሁ። የቤታችሁን ሳጥን ስታስከፍቱ ከልብሱ አስቀድማችሁ ያቆየችውን ሰው ጠይቁ። ልብሱ ነገም ሊመረመር ይችላል፤ የምታውቀው እናት ግን ሁልጊዜ አትገኝም።