የሚዘፍነው ሸክላ
(በማኅበራችን የሙዚቃ ምሽት የተነገረ)



ባለፈው እሑድ ወለቃ ላይ ሦስት ጓደኛሞች ስለ ሸክላ ተከራከርን፤ የመንደሩ ሴቶች ከጭቃ ስለሚሠሩት ሳይሆን ስለሚዘፍነው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» አስቀደመ። ሁለተኛው፣ የጎንደር ተወላጅ የሆነችው አስቴር አወቀ በ1989 በስሟ ያወጣችውን አልበም ይዞ አልለቅም አለ።

እኔ ያደግሁት በአዝማሪ ስለ ሆነ የምጠራው አልበም አልነበረኝም። «ያልተቀረጸ አይቆጠርም» ብለው ፈረዱብኝ። አዝማሪ ግጥሙን ከፊቱ ለተቀመጠው ሰው ይፈጥራል፤ ነገ አይደግመውም፤ ጣዕሙም ይኸው ነው ብዬ ተሟገትሁ።

ዳሩ ግን አንድ አዝማሪ በሰርግ ላይ አባቴን ሲያወድስ ሰምቼ ነበር። አባቴ ካረፈ ወዲህ ዜማው ይመጣልኛል፤ ቃሉ ግን ጠፍቶብኛል። ይህን ስነግራቸው ክርክሩ ቆመ፤ ባለ አስቴሩም ሙዚቃውን ዘጋው።