ሳይጠፋ ስለሚያድረው የስልክ ብርሃን
(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



ዛሬ ማታ የምናገረው በየጠረጴዛችን ላይ ስለሚቀመጥ አንድ ትንሽ ብርሃን ነው። ይኸውም ስማርት ስልክ ሥራውን አቁሞ ባረፈበት ጊዜ እንኳ ሰዓቱን፥ ቀኑንና የመጣውን መልእክት እያሳየ ስክሪኑ ሳይጠፋ የሚቆይበት አሠራር ነው። ይህ አሠራር ጥቅምም አለው፤ ጉዳትም አለው። ሁለቱን ከመመዘናችን በፊት ግን በሐዋሳ ከተማ ፒያሳ በሚባለው ሰፈር የደረሰብኝን ነገር ላስቀድም።

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ግድም ስትቆረቆር ገና ሕፃን ሳሉ ከአባታቸው ጋር የመጡ አንድ ሽማግሌ፥ ስለ ከተማይቱ ጥንታዊ ኑሮ እንዲነግሩኝ ለምኛቸው፥ ከጠዋቱ በ3 ሰዓት ፒያሳ ከሚገኝ አንድ ሻይ ቤት ተቀመጥን። ከደጅ ባጃጆች ይመላለሳሉ። የድምፅ መቅረጫዬን ከፈትሁ፤ ስልኬንም ከጎኑ አኖርሁ። ሽማግሌው «ያን ጊዜ አባቴ» ብለው ገና ሲጀምሩ ዓይናቸው ከስልኬ ላይ ዐረፈ። በጥቁሩ መስተዋት ላይ 9፡00 የሚል ቁጥር ይበራ ነበር። «ልጄ፥ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ እንዴ? የአራት ሰዓት ቀጠሮዬ አለፈኝ!» ብለው ብድግ አሉ። ስልኬ የሚቈጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እንደ ሆነና በእኛ አቈጣጠር ገና 3 ሰዓት መሆኑን አስረድቼ አስቀመጥኋቸው፤ ሁለታችንም ሣቅን።

ጥቂት ቆይቶ ግን በዚያው መስተዋት ላይ አንድ መልእክት ብቅ አለ፤ ዓይኔም ወደዚያ ሄደ። ሁለተኛው መጣ፤ እንደ ገና አየሁ። በሦስተኛው ጊዜ ሽማግሌው ንግግራቸውን አቋርጠው «ሰው ይፈልግሃል መሰለኝ፥ ልጄ፤ ሌላ ቀን እንጫወታለን» አሉኝና በትራቸውን አንሥተው ሄዱ። ስለ አባታቸው የጀመሩት ነገር በመቅረጫዬ ውስጥ እንደ ተቈረጠ ቀረ።

አሁን ወደ መሣሪያው ነገር እንመለስ። የስልክ ስክሪን በሁለት ዓይነት መንገድ ይሠራል። ኤል ሲ ዲ የሚባለው ከበስተኋላው ባለው መብራት የሚታይ ስለ ሆነ፥ ሰዓት ብቻ እንዲያሳይ ቢፈለግ እንኳ መብራቱ መብራት አለበት። ኦሌድ የሚባለው ግን እያንዳንዱ ነጥብ የራሱን ብርሃን የሚሰጥ ነው፤ ጥቁር ሆኖ የሚታየው ክፍል በእርግጥ ጠፍቶ ያረፈ ነው። ስለዚህ የሰዓቱን ቁጥሮች የሚሠሩት ጥቂት ነጥቦች ብቻ ሲበሩ የቀሩት ያርፋሉ። በርቶ የሚያድረው ስክሪን በአብዛኛው በኦሌድ ስልኮች ላይ የሚገኝበት ምክንያት ይኸው ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ኖኪያ በ2005 ዓ.ም. ሉሚያ በተባሉት ስልኮቹ ላይ ይህን የመሰለ አሠራር አሳይቶ ነበር። በየካቲት 2008 ዓ.ም. ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ 7ን፥ ኤል ጂም ጂ 5ን ይህን አሠራር ጨምረው አስተዋወቁ። አፕል በአይፎን 14 ፕሮ ያመጣው በጳጉሜን 2014 ዓ.ም. ነው። በዚህ ስልክ ስክሪኑ ሲያርፍ ሥዕሉን የሚያድሰው በሴኮንድ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሲሠራ ግን በሴኮንድ እስከ 120 ጊዜ ያድሳል። ይህም የተደረገው ባትሪን ለመቈጠብ ነው።

ጥቅሙን እንናገር። እጁ በሥራ የተያዘ ሰው፥ ሕፃን የታቀፈች እናት፥ መዝገብ የሚያገላብጥ ጸሐፊ ስልኩን ሳይነካ ሰዓቱን ያያል። ከዚህም የሚበልጥ ሌላ ጥቅም አለ። ሰዓት ለማየት ብለን ስልካችንን ስንከፍት ፌስቡኩና ቴሌግራሙ ይጠብቁናል፤ ለአንድ አፍታ የገባን ሰዎች ከሩብ ሰዓት በኋላ እንወጣለን፤ ሰዓቱ ስንት እንደ ነበረም ረስተነዋል። ሳይከፈት ሰዓቱን የሚናገር ስልክ ከዚህ ሊያድነን ይችላል።

ጉዳቱን ስንመለከት ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያነሣው የባትሪን ነገር ነው። በእርግጥም በሰዓት 1 በመቶ ያህል እንኳ ቢወስድ፥ ጠዋት ከ2 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት ባለው 12 ሰዓት ውስጥ 12 በመቶ ይሆናል። መብራት በጠፋበት ቀን ይህ ትንሽ አይደለም። ሁለተኛው የስክሪኑ ማርጀት ነው። አንድ ቅርጽ በአንድ ቦታ ለብዙ ጊዜ ከበራ እነዚያ ነጥቦች ከሌሎቹ ቀድመው ይደክሙና ጥላ ይቀራል። ሠሪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ሰዓቱ ሳይታወቀን ቦታውን በጥቂቱ እየለወጠ እንዲታይ አድርገዋል።

እነዚህ ሁለቱ ግን የባትሪና የመስተዋት ጉዳት ናቸው፤ ባትሪ ይሞላል፥ መስተዋትም ይለወጣል። ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች የሚከብዱት ሌሎች ሁለት ናቸው።

አንደኛው የምሥጢር ነገር ነው። አንዳንዱ ስልክ ባረፈበት ስክሪን ላይ የመልእክቱን ምልክት ብቻ ያሳያል፤ ሌላው ግን ጽሑፉን ራሱን ይገልጣል። በዚያ ቀን በፒያሳ ከመጡልኝ መልእክቶች አንዱ ወንድሜ ስለ ቤታችን ችግር የጻፈው ነበር፤ ሻይ ያቀረበልን ልጅ ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ እንዳነበበው ከፊቱ ዐወቅሁ። ደመወዛችን ሲገባ ከባንክ የሚላከው መልእክት፥ ገንዘብ ስናዛውር የሚመጣው የማረጋገጫ ቁጥር፥ አለቃ ስለ ባለጉዳይ ፋይል የሚጽፈው ቃል ሁሉ በዚሁ መስተዋት የሚያልፍ ነው። ፋይሉን በቁልፍ ዘግቶ ስልኩን ገልጦ የሚያስቀምጥ ሠራተኛ፥ በሩን ቈልፎ መስኮቱን እንደ ተወ ሰው ይቈጠራል።

ሁለተኛው የአክብሮት ነገር ነው። ባለጉዳይ ከሩቅ አገር መጥቶ፥ በረንዳ ላይ ተራ ጠብቆ፥ በመጨረሻ ከፊታችን ሲቀመጥ የሚያየው ዓይናችንን ነው። ዓይናችን በየጊዜው ወደ ብርሃኑ ሲሸሽ ቃሉን ያሳጥራል፤ ዋናውንም ነገር ሳይናገር ይሄዳል። እኛም ጨርሶ የተናገረ ይመስለንና በጐደለው ቃል ላይ ውሳኔ እንሰጣለን። እኔ ያጣሁት ጨዋታ ነው፤ ባለጉዳዩ ግን መሬቱን ወይም ጡረታውን ሊያጣ ይችላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አሠራሩን ፈጽሞ ማጥፋት አስፈላጊ አይደለም፤ ወሰን ማበጀት ይበቃል። በመጀመሪያ፥ ባረፈው ስክሪን ላይ ሰዓትና ቀን ብቻ እንዲታይ፥ የመልእክት ጽሑፍ ግን ስልኩ ሳይከፈት እንዳይገለጥ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ማዘዝ ነው። ሁለተኛ፥ ብዙዎቹ ሳምሰንጎች በተወሰነ ሰዓት ብቻ እንዲበሩ፥ ወይም ሲነኩ ብቻ ለጥቂት ሴኮንድ እንዲያሳዩ ማድረግ ይቻላል፤ ሌሊትም በዚሁ መንገድ ያርፋሉ። ሦስተኛ፥ ሰው ሲያነጋግሩ ስልኩን በፊቱ መድፋት ነው፤ አይፎንም በፊቱ ሲደፋ ይህን ብርሃን ራሱ ያጠፋል። ከሁሉ የሚቀለው ግን በመሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ለሰዓቱ የግድግዳ ሰዓት አለ፤ እርሱ መልእክት አያመጣም።

ክቡራን አድማጮች፥ እኔ የስልኬን ስክሪን አስተካክዬ፥ ወደ ሐዋሳም ሰው ልኬ ሽማግሌውን ይቅርታ ጠይቄአለሁ። እርሳቸውም «ይምጣ፥ አባቴን ገና አልጨረስሁለትም፤ ያን መብራቱን ግን ከቤቱ ትቶት ይምጣ» ብለው መልሰውልኛል።