«ገደ ቢስ» የተባለ ቤት ሲሸጥ

  

ከጋምቤላ ከተማ አንዲት እናት ጥያቄ ልከውልናል። ባሮ ዳር ያለውን ቤታቸውን ሊሸጡ ነው። ባለቤታቸውና አንድ ልጃቸው ተከታትለው ስለሞቱበት ጎረቤቱ «ገደ ቢስ ቤት» ይለዋል። ገዢው እንግዳ ነው፤ ወሬውን አልሰማም። «ልንገረው ወይስ ዝም ልበል?» ይላሉ።

በዲናችን ገደ ቢስ ቤት የሚባል ነገር የለም። ሞት በአላህ ቀደር እንጂ ከግድግዳ አይመጣም። ሆኖም አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ፣ አንድ ሰው ወደ አዲስ ቤት ከገቡ ወዲህ ቤተሰባቸውም ሀብታቸውም መመናመኑን ሲናገር፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤቱን እንዲለቁት ነግረዋቸዋል። ዑለማኦች ይህን ሲያብራሩ፣ ቤቱ ጉዳት ያመጣል ለማለት ሳይሆን የሰዎቹ ልብ በቤቱ ላይ ተንጠልጥሎ ኢማናቸው እንዳይናጋ ነው ብለዋል።

እንግዲህ እናታችን መጀመሪያ ሊያስቡት የሚገባው ሟቾቹ በምን እንደሞቱ ነው። አገራችን ቆላ ነው፤ ወባ አለ። ባሮም ይሞላል፤ በ2014 ክረምት ኢታንግንና ላሬን ጨምሮ ብዙ ወረዳ አጥለቅልቋል። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ጓሮ ውስጥ የሚተኛ ከሆነ፣ ትንኝ የሚፈላ ከሆነ፣ «ገደ ቢስ» ያሰኘው እሱ ሊሆን ይችላል። ይህን ለገዢ መንገር ግዴታ ነው። በበጋ ደርቆ ባማረ ጊዜ አሳይቶ መሸጥ፣ እርጥቡን እህል ከሥር ደብቆ ደረቁን ከላይ እንዳደረገው ነጋዴ መሆን ነው።

ወሬውስ? የሻፊዒ ፊቅህ ሊቃውንት ዐይብ የሚሉት በነጋዴ ልማድ ዋጋ የሚቀንሰውን ነው። ከማሊኪዎች መካከል ቤቱ ጅን አለበት ተብሎ መታወቁን ሳይቀር ከዐይብ የቆጠሩ አሉ። ስለዚህ እኛ የሚሻለው መንገር ነው እንላለን። «ሰው እንዲህ ይላል፤ እኛ አናምንበትም፤ የሆነው ግን ይህ ነው» ማለት ይበቃል። በቤቱ ሰው ተገድሎበት ወይም ራሱን አጥፍቶበት ከሆነም የሆነውን መናገር እንጂ የሟችን ገመና መዘርዘር አያስፈልግም። ያ ጊባ ነው።

ሌላም አለ። በታኅሣሥ 1996 በከተማችን በአኙዋ ወገኖቻችን ላይ ግድያ ሲፈጸም ብዙ ቤት ተቃጥሏል፤ ብዙ ሰው ወደ ሱዳን ሸሽቷል። የሸሸ ሰው «የእኔ ነው» የሚለውን ቤት ያንን ሳይናገሩ መሸጥ ከዝና ጉዳይ አልፎ የሰው ሐቅ መብላት ነው።

ደላላውና ጎረቤቱም አይዘንጉ። ሶሐባው ዋሲላ፣ አንድ ሰው ግመል ገዝቶ ሲሄድ ተከትለው የግመሉ ኮቴ ቀዳዳ እንዳለው ነግረውታል። ሻጩ ገበያዬን አበላሸህ ቢላቸውም፣ የሚያውቅ ሰው ዝም ማለት እንደማይፈቀድለት ከነብዩ መስማታቸውን ነገሩት። በተቃራኒው የመበለቷን ቤት በርካሽ ለመግዛት ብሎ «ጅን አለበት» የሚል ሐሜት የሚያዛምት ጎረቤትም አለ። የዚህኛው ጥፋት ከደባቂው ያነሰ አይመስለንም። እርሱ የየቲም ገንዘብ ላይ ነው እጁን የዘረጋው።

በአገራችን ሕግም ቢሆን፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ጉድለቱን በተንኮል ከደበቀ «ኃላፊነት የለብኝም» ብሎ በውል ያስጻፈው ቃል እንዳይጸና ያደርጋል።

እናታችን፣ ገዢው ቀብድ ሳይሰጥ በፊት፣ ሁለት ሽማግሌ ባሉበት ይንገሩት። ውሃው የሚደርስበትንም በእግርዎ ሄደው ያሳዩት። ከዚያ ዋጋው ቢወርድም የሚቀበሉት ገንዘብ ሐላል ነው። ወላሁ አዕለም።