ሉፐር፦ የማይደክመው ተቀባይ

በሊልበርንና በአትላንታ ዙሪያ ላላችሁ ጊታር ወዳዶች፣ ዛሬ ወሬያችን ስለ ሉፐር ነው።

ሉፐር በእግር የሚረገጥ ትንሽ መቅጃ ነው። እስቲ የሰርግ ጭፈራ አስቡ። አቀንቃኙ ያወጣል፤ ተቀባዮቹ ይደጋግማሉ፤ እሱ በላዩ ላይ እንዳሻው ይገጥማል። ሉፐርም ተቀባያችሁ ነው። አንዴ ስትረግጡት ይቀዳል፤ ስትደግሙት የቀዳውን እየመላለሰ ያሰማል። እናንተ በላዩ ላይ ዜማውን ትጫወታላችሁ። ታዲያ ስህተታችሁንም አብሮ ይቀበላል! በተለይ ችክችካ ላይ፣ ሁለተኛውን ርግጫ ልክ ዙሩ ሲገጥም በመጀመሪያው ምት አሳርፉት። ከዘገየ ዙሩ ሁሉ ያነክሳል።

እንዲህ ድምፅ በድምፅ ላይ መደራረብ አዲስ አይደለም፤ ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮንና ኪቦርድ ብቻውን ደራርቦ ቀድቷል። ያ በስቱዲዮ ነበር፤ ሉፐር ግን መደራረቡን እዚያው መድረክ ላይ ያመጣዋል።

የት ይቀመጥ? ከፔዳሎቹ ሁሉ መጨረሻ፣ ከአምፕሊፋየሩ በፊት። እንዲህ ሲሆን የዲስቶርሽን ፔዳል ብትከፍቱም ቀድሞ የተቀዳው አይለወጥም።

ለጀማሪ፣ እንደ ዲቶ (Ditto) ሉፐር ያለው ባለ አንድ መርገጫ ይበቃል። ብቻ ከመግዛታችሁ በፊት፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ ጊታር ሰክታችሁ በእግራችሁ ሞክሩት።